ዲቪ ደርሶት ለሚመጣ ቤተሰብ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ነው ወይስ ወረቀት?

ይህ የመድረካችን የጥያቄና መልስ ክር በጣም ረዝሟል። መሐል ላይ ስድብ ቢጤም ገብቶበታል። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች የማንበብ ትዕግሥት ስለማይኖረው በየመልሱ የተባለውን በራሴ አነጋገር ላስቀምጥ። የተደጋገመውን አልፋለሁ። ያልተስማማሁበት ቦታ ላይ ደግሞ የራሴን ጣል አደርጋለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ስለሆነ የማውቀውም በአብዛኛው የዚህን አካባቢ ነው።

የመክፈቻው ጥያቄ። የጻፈችው አዲስ አበባ ያለች እናት ናት። ባሏ ዲቪ ደርሶት ቪዛቸውን ተቀብለዋል፤ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በቅርቡ ይበራሉ። ትልቁ 14 ዓመቱ ነው፣ መሐለኛዋ 9፣ ትንሹ 4። የሚያርፉት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የባሏ የአጎት ልጅ ቤት፣ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ ነው። የአጎት ልጅየው ለባሏ ፓርኪንግ ሥራ ጨርሶለታል። በገባ በአራተኛው ቀን እንዲጀምር ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ባሏ መጀመሪያ የልጆቹን ትምህርት ቤትና ወረቀቱን አብሯት እንዲጨርስ ትፈልጋለች፤ እንግሊዝኛው የሚሻለው እሱ ነዋ። የቱ ይቀድማል ብላ ጠየቀች። ከዚያ በግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ቤት እስከ መቼ መቀመጥ ነው ደግ የሚባለው የሚል ጨመረች። ክሩን ያቃጠለው ይህቺ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ናት።

መልስ 1። ምርቃት ነው። ብዙ መስመር ከመረቀ በኋላ መጨረሻ ላይ አንድ ቁም ነገር ጣል አድርጓል፦ ከመሳፈራችሁ በፊት የግሪን ካርዱን ክፍያ በኢንተርኔት ክፈሉ፣ በሰው 220 ዶላር ነው ብሏል።

መልስ 2። ዋጋው የድሮ ነው ብላ አረመችው፤ በትሕትና። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 235 ሆኗል። ልጅም አዋቂም እኩል ነው የሚከፍለው፤ ለአምስት ሰው 1,175 ዶላር ይመጣል። ባይከፈል አገር መግባት አይከለከልም፤ ካርዱ ግን አይታተምም። እሷ ያላነሳችውን አንድ ነገር እኔ ልጨምር። ይህን ገንዘብ አዲስ አበባ ተቀምጦ በዶላር መክፈል ለብዙ ሰው ቀላል ስላልሆነ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የባንክ ካርድ የሚከፍለው ተቀባዩ ዘመድ ነው። የአጎት ልጅ ሥራ ሥራ የሚለው ከጭካኔ ላይሆን ይችላል። ገና ሳትመጡ ያወጣው ወጪ አለ።

መልስ 3። ሆቴል ውስጥ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው ነው፤ ያለ መግቢያ ወደ ነገሩ ሄደ። ፓስፖርት ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ አየር ማረፊያ ላይ ማኅተም ከተመታበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ቀጣሪው አይ ናይን የሚባለውን፣ ሠራተኛው የመሥራት ፈቃድ እንዳለው የሚረጋገጥበትን ቅጽ ሲሞላ እሱ ብቻውን ይበቃዋል። የሶሻል ካርዱ (መንግሥት ለሥራና ለግብር የሚሰጠው ቁጥር ያለበት) እስኪመጣም ሥራ መጀመር ይቻላል፤ ቁጥሩ ሲደርስ ማስመዝገብ ነው። ስለዚህ የአራተኛው ቀን ነገር ሕጋዊ ነው። ችግሩ ይህን የማያውቁ ትንንሽ ቀጣሪዎች መኖራቸው ነው፤ ካርድ ካላየን ይላሉ። እነሱን በእርጋታ ማስረዳት እንጂ ተቆጥቶ መውጣት አያዋጣም ባይ ነው።

መልስ 4። ሁለት መስመር። ለኤምባሲው በሞላችሁት ቅጽ፣ ዲኤስ 260 ላይ፣ ሶሻል ይውጣልን ብላችሁ ከሆነ ካርዱ ከገባችሁ በኋላ በሦስት ሳምንት ገደማ በፖስታ ይመጣል። ካላላችሁ ደግሞ ቢሮ ሄዶ ማመልከት ነው።

መልስ 5። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ መልስ ነው። የጻፈችው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር እናት ናት። ሥራውም ትምህርት ቤቱም ይቆይ፣ መጀመሪያ የፖስታ ሳጥኑን አስተካክሉ አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ስም ፓስፖርት ላይ ሲጻፍ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ስም ይወጣል። የባልየው የራሱ አያት ስም ነው። የሚስት የእሷ አያት ስም ነው። የልጆቹ ደግሞ የባልየው አባት ስም ነው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ደግሞ የቤቱ ባለቤት የሆነው ዘመድ ስም ነው፤ ሌላ አራተኛ ስም። ፖስተኛው የማያውቀው ስም ሲመጣበት እዚህ አይኖርም ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የእሷ ልጆች ግሪን ካርድ የተመለሰው እንዲህ ሆኖ ነው፤ እስኪገኝ ወራት ተመላልሳለች። ሻንጣ ሳትፈቱ ሦስቱንም ስም በትልቁ ጽፋችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ፣ ፖስተኛውን ስታገኙትም በቃል ንገሩት የሚል ነው ምክሯ።

መልስ 6። ማጋነን ነው ብሎ ተቃወማት። ግቢ ባለው የግል ቤት ፖስተኛው በአድራሻው የመጣውን ሁሉ ጥሎ ይሄዳል፣ የእኔ ዘመዶች አንድም ነገር አልጠፋባቸውም አለ።

መልስ 7። መልስ 5 የምታወራው ስለ አፓርታማ እንደሆነ ካስረዳው በኋላ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት መለጠፍ ምን ያስከፍላል ብሎ በለሆሳስ ወጋው። ቀጥሎ ያለው ግን ለሁሉም የሚሆን ነው። ግሪን ካርዱ እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል። በመሐሉ ቤት ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለራሱ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም። ብዙ ሰው ለፖስታ ቤት ነግሮ ጨርሻለሁ ብሎ ይተኛል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የሚቀጥሉትን መልሶች በዚህ ዓይን ብታነቧቸው ጥሩ ነው። እኔ እንደማየው ሥራ ወይስ ወረቀት የሚለው ክርክር ሥሩ አድራሻ ነው። ካርዱ የሚመጣው በዘመድ አድራሻ ነው። ልጆቹ የሚመዘገቡት በዘመድ አድራሻ ነው። ባንኩም አድራሻ ይላል፣ መንጃ ፈቃዱም አድራሻ ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሰውየው በር የእናንተ መታወቂያ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ከዘመዳችሁ ጋር በግልጽ መነጋገር ያለባችሁ ስለ ቤቱ ነው። ይሉኝታ ይዞን ሌላው ሁሉ ሲወራ እሱ ብቻ ሳይወራ ይቀራል።

መልስ 8። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት፤ ቀስ ብላ፣ እያስረዳች ነው የጻፈችው። ለምዝገባ የልጁ ፓስፖርት ወይም የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ወረቀትና የድሮ ትምህርት ቤቱ ውጤት ይፈለጋል። ለቪዛው በተደረገው ምርመራ ጊዜ የተሰጠውን የክትባት ወረቀት ኮፒ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ በእጅ ቦርሳ ያዙት ትላለች። በራሳችሁ ስም የተከራያችሁት ቤት ከሌለ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቅጽ የሚባል አለ፤ ባለቤቱ ይፈርማል፣ ኖተሪ ያደርጋል፣ ማለትም ፊርማውን በሕግ አረጋጋጭ ፊት ያስረጋግጣል። አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ እንደሚቻልም ነግራታለች። እንግዲህ ይህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ግማሹን መለሰው። የባልየው እንግሊዝኛ የግድ አያስፈልግም ማለት ነው። የሚያስፈልገው የአጎት ልጅ ፊርማ ነው።

መልስ 9። የዚያ ፊርማ ነገር እኔን አቃጥሎኛል ብሎ ገባ። የተቀበለው ዘመዱ ራሱ ተከራይ ነበር። ውሉ ላይ ስንት ሰው እንደሚኖር ተጽፏል። አከራዩ ቢሰማ ያስወጣኛል ብሎ ስለፈራ አልፈርምም አለ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ቤት ቁጭ አሉ። ዘመዱን አይወቅስም፤ ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ሌላ ቦታ አርፍ ነበር ነው የሚለው።

መልስ 10። ለዚህ መፍትሔ አለ ብላ የጻፈችው ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት። ማኪኒ ቬንቶ የሚባል የ1987 ሕግ አለ። በገንዘብ ችግር ምክንያት ሰው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ፣ የመኖሪያ ማስረጃም ሆነ ሌላ ወረቀት ባይሟላ እንኳ ወዲያው ትምህርት እንዲጀምር ያስገድዳል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለዚህ የተመደበ ሰው ስላለ እሱን ጠይቁ አለች። ሕጉ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ቤት አልባ ብሎ እንደሚጠራው ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

መልስ 11። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሰውየው ተቆጥቷል። አዲስ አበባ የራሱን ቤት ሸጦ የመጣን ሰው በሳምንቱ ቤት አልባ ብለህ መዝግበው ትላላችሁ ወይ? ክብር የሚባል ነገር የለም ወይ? አማካሪ ነን ባዮች ሕዝቡን ልመና እያስተማራችሁት ነው እስከ ማለት ሄዷል።

መልስ 12። ከእሱ የባሰች መጣች። ክብርህን ይዘህ ልጅህን ቤት አስቀምጠው አለችው። ሌላም ጽፋ ነበር፤ አወያዩ አጥፍቶታል።

መልስ 13። መልስ 10 ተመልሳ መጥታ፣ መብት እንጂ ምጽዋት እንዳልሆነ፣ የሚወስነውም ትምህርት ቤቱ እንደሆነ አስረድታ ወጣች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ቃሉ ጆሮ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ወረቀቱን የሚያየው አንድ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ልጁ ግን በየቀኑ ክፍል ይገባል። ደግሞም የአጎት ልጅ ከፈረመ ይህ ሁሉ አያስፈልግም።

መልስ 14። የክሩ ባለቤት ገባች። መቆጣቱ አስደንግጧታል። የባሏ አጎት ልጅ ደግ ሰው ነው፣ ቤቱም የራሱ ነው፣ ፊርማውን አይከለክለንም፣ እባካችሁ እሱን አትሙብኝ አለች። እንዲያውም እስካሁን ያልተናገረችውን ነገረችን፦ የአምስቱንም የግሪን ካርድ ክፍያ የከፈለው እሱ ነው።

መልስ 15። ተቀባዮች ዝም ብለዋል፣ እኔ ልናገር ያለ ሰው ነው። ረጅም ነው፤ ቁጣም አለበት፤ እውነትም አለበት። ከአንድም ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተቀብያለሁ ይላል። ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ አየር ማረፊያ ለመሄድ ሽፍት ይጣላል። አምስት ሰው እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሁለት ሻንጣ ይዞ ሲወጣ አንድ መኪና አይበቃም፤ ሁለተኛ መኪና መለመን ነው። ልጆች በሌሊት ይነቃሉ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እዚህ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ በአሜሪካ በጋ፣ አዲስ አበባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሆዳቸው ቁርስ ይላል። እሱ ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ለሥራ ይነሳል። የመብራቱና የውኃው ቢል በእጥፍ ይመጣል፤ ማንም ስንት መጣ ብሎ አይጠይቀውም። ወር ሲሞላ ቤት እንፈልግ ሲላቸው ደግሞ አባረረን ተብሎ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ ይነሳል። ለጥያቄዋ የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ሰውየው በአራተኛው ቀን ይሥራ።

መልስ 16። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ ተረተበት። በድካም ላይ ሥራ ገብቶ፣ መንገዱን ሳያውቅ አርፍዶ፣ በሳምንቱ የተባረረ ሰው አውቃለሁ አለ።

መልስ 17። ይህን መልስ ሰው ያለፈው መሰለኝ፤ አንድም ሰው አልመለሰለትም። ሒሳቡን የሠራው ግን እሱ ብቻ ነው። የራስ ቤት ለመከራየት ብዙ አከራይ የሚጠይቀው የደሞዝ ወረቀትና ክሬዲት፣ ማለትም ብድር በወቅቱ የመክፈል ታሪክ ነው። አዲስ መጤ ክሬዲት የለውም። ስለዚህ የሚያሳየው የደሞዝ ወረቀት ብቻ ነው፤ ያውም የአንድ ሳምንት ሳይሆን የወር የሁለት ወር። ሥራው በዘገየ ቁጥር ከቤዝመንቱ የሚወጣበት ቀን ይዘገያል። ግሪን ካርዱም እስከ 90 ቀን ስለሚፈጅ ሦስት ወር ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሦስት ወር ብላችሁ ከዘመዳችሁ ጋር ተስማሙ፣ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ለቢሉ አዋጡ፣ ክሬዲቱን ደግሞ መያዣ አስቀምጦ በሚወሰድ የክሬዲት ካርድ አሁኑኑ ጀምሩ ብሏል። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። እስከ መቼ መቀመጥ ደግ ነው ለሚለው ቁርጥ ያለ ቀን ያስቀመጠ ሌላ ሰው አላየሁም።

መልስ 18። ስለ ጤና መድን ነው። ሜዲኬድ፣ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የሚሰጠው የጤና መድን፣ ለአዋቂ ግሪን ካርድ ያዥ በአብዛኛው አምስት ዓመት ያስጠብቃል። ልጆች ግን ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዲሲም ሳይጠብቁ ይገባሉ፤ ገቢያችሁ ከፈቀደ። አዋቂዎቹ ከስቴቱ ገበያ መድን ለመግዛት ከገቡበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን አላቸው። ቀኑ ካለፈ የዓመቱን ምዝገባ መጠበቅ ነው።

መልስ 19። እሷ ሥራ እስክትይዝ ድረስ ትልቁ ልጅ ትንንሾቹን ይጠብቅ የሚል ምክር ሰጠ። ቀጥሎ ግን ዘጠኝ ዓመት የሆናትም ለአጭር ጊዜ ወንድሟን ብትይዝ ምን ችግር አለው፣ እኛ ስናድግ እንዲያ አልነበረም ወይ አለ።

መልስ 20። የትምህርት ቤቷ ሠራተኛ፣ ያቺ መልስ 8፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ከፍ አደረገች። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ያለ ጠባቂ መተው በሕግ ክልክል ነው። ጠባቂው ደግሞ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። የ14 ዓመቱ ልጅ ይችላል፤ የ9 ዓመቷ አትችልም። ጎረቤት ደውሎ ፖሊስ የመጣባቸውን ቤተሰቦች አይቻለሁ፣ በአደባባይ እንዲህ ዓይነት ምክር አትስጡ አለች። ከዚያው ሳትወጣ የመኪናውንም ጨመረች፦ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ቁመቱ ገና አጭር ከሆነ፣ የልጅ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ መኪና አይሳፈርም። አየር ማረፊያ የሚቀበላችሁ ሰው ለ4 ዓመቱ ልጅ ወንበር ይዞ ይምጣ። እኔ ይህንን ብቻውን ከላይ ለጥፌ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

መልስ 21። ጨዋታው እዚህ ላይ ቀለለ። የአንድ አዲስ መጤ ቤተሰብ ታሪክ ነው። በመጡ በመጀመሪያው እሑድ ቡና አፍልተው፣ እጣን አጭሰው፣ ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ መጮህ ጀመረ። ምን እንደሆነ አላወቁም። አባትየው በመጥረጊያ እንጨት ሊመታው ሲታገል እናትየው እጣኑን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ የኮሪደሩም ጮኸ። የሕንፃው ሰው ሁሉ በፒጃማ ወጥቶ የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ጎረቤቶቻቸውን የተዋወቁት ያኔ ነው።

ከመልስ 22 እስከ 25። የጭስ ማንቂያ ታሪክ ነው፤ ሁሉም ሰው አንድ አለው። ከእነሱ መሐል የሚጠቅመው መስኮት ከፍታችሁ ምድጃው ላይ ያለውን የጭስ መሳቢያ አብርታችሁ ቁሉ የሚለው ብቻ ነው። ባትሪውን አውልቁት ያለም ነበር፤ እሱን አትስሙት።

መልስ 26። ከቡናው ተነስቶ ሻንጣ ውስጥ ምን ይገባል ወደሚለው ሄደ። ቋንጣ አይገባም፤ ሥጋ ነው። በርበሬና ሽሮ ደርቆ የተፈጨ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ግን ምግብ ይዘናል ብሎ መናገር ግድ ነው። ቡና ጥሬውም የተቆላውም ያልፋል። የሚያስቀጣው ይዞ አለመናገር ነው። ተናግሮ የተወሰደበት ሰው ዕቃውን ብቻ ያጣል።

መልስ 27። ምጣዴን ላምጣ ወይ ብላ አንዲት ሌላ ሴት በጎን ገባች። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ተረባረበባት። የኢትዮጵያ ምጣድ የሚሠራው በ220 ቮልት ነው፣ እዚህ ግድግዳው ላይ የሚገኘው 120 ነው። አይግልም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንጀራ ከየሱቁ ይገዛል፣ ኪሎሽን ለሌላ ነገር አድርጊው ተባለች። ከኪሎው ይልቅ የባሰኝ እንጀራው ነው ብላ ስለ ጤፉና ስለ ቅይጡ መነታረክ ጀመሩ። እሱን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 28። ወደ ቁም ነገሩ ለመመለስ የሞከረ ሰው ነው፦ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተናውን ዲሲ በአማርኛ ውሰዱ አለ። ፈተናው በአማርኛ መኖሩ ልክ ነው።

መልስ 29። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው ብሎ አስታወሰው። ዲሲ የሚፈትነው የዲሲ ነዋሪን ነው። ይኸው አድራሻ ማለት ይህ ነው። ሜሪላንድ ላይ የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ያለውም ቢሆን የ3 ሰዓት የአልኮልና የዕፅ ትምህርት ወስዶ፣ ከዚያ የዓይን፣ የጽሑፍና የመንዳት ፈተና ያልፋል። እስከዚያው ፓርኪንጉ ድረስ የሚያደርስ ባቡርና አውቶቡስ መኖሩን አሁኑኑ እዩ ብሏቸዋል። ይህ ጥሩ ነጥብ ነው። ሥራውን ያገኘ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ይናገራል እንጂ በምን እንደሚደረስ አይናገርም።

መልስ 30። ስለ ሰዓት ከተነሳ አይቀር ብላ አንዷ የራሷን አወጋች። ዘመዷ የትምህርት ቤት ቀጠሮ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ነግሯት ወደ ሥራው ሄደ። እሷ ገና አገር ቤት ያለው ሰዓት ከጭንቅላቷ አልወጣም። ልጆቿን ምሳ አብልታ፣ አልብሳ፣ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ደረሰች። ቀጠሮው ጠዋት ነበር። አሁን ለሚመጣ ሰው ሁሉ ሰዓት ስትነግር ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብላ ሳታረጋግጥ ስልክ አትዘጋም።

መልስ 31። መልስ 11፣ ያ የተቆጣው ሰውዬ፣ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም። እሱም ሲመጣ ዘመድ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ እንደኖረ፣ ያን ቃል በሌላ ሰው አፍ መስማት እንደሚያመው ጻፈ። መልስ 12 በጨዋ ቃል መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

መልስ 32። የክሩ ባለቤት፣ ከደረሱ በኋላ። ጽሑፏ ያጠረ ነው፤ የትንሹ ልጅ እንቅልፍ ገና አልተስተካከለም። ከመሳፈራቸው በፊት ባሏ ለአጎቱ ልጅ ደውሎ ስለ ቤቱ አውርተዋል። ሦስት ወር ተባብለዋል። ከሁለተኛው ደሞዝ ጀምሮ ቢሉን ግማሽ ይችላሉ። የአጎት ልጅየው ሥራውን ወደ ሁለተኛው ሰኞ አስገፋለት፤ ኃላፊው ወዳጁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የጋራ መኖሪያ ቅጹን አስፈርመው ልጆቹን አስመዝግበዋል። አስተርጓሚ ጠይቃ በስልክ ተመድቦላታል፤ ባሏ በምዝገባው ቀን ስም ከመጻፍ ሌላ ሥራ አልነበረውም። በስሞቹ ላይ ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት ልጆቹ የማን ናቸው ብላ ሁለት ጊዜ ጠይቃለች። የልደት ሰርተፊኬቱ ነው ያዳናቸው።

መልስ 33። መልስ 15፣ ያ ብዙ የተቀበለው ሰው፣ ለአጎት ልጅየው ሰላምታ አድርሺልኝ አለ። ከእሱ ይህን አልጠበቅኩም ነበር።

መልስ 34። አሁንም የክሩ ባለቤት ናት። ትልቁ ልጅ 9ኛ ክፍል ገብቷል፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ሰጥተውት ከአዲስ መጤዎች ጋር ተጨማሪ የቋንቋ ክፍል መድበውታል። አዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ሲማር ስለነበር ተናዷል፤ አልሄድም እያለ ነው። ከዚያ ክፍል እንዲወጣ ወላጅ መጠየቅ ይችላል ወይ፣ ይጎዳዋል ወይስ ይጠቅመዋል ብላለች። የ14 ዓመት ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ ካለ ለእሷ ይመልስላት። ይህኛው ስለሞላ እኔ አዲስ ክር ከፍቼላታለሁ።